በነጭ ሸክላ ላይ ስለ ተሣለው ሰማያዊ ሥዕል የተሰጠ ንግግር

ቡና የሚጠጣበት «ሲኒ» ስሙ የአገር ቃል ይመስላል። ነገር ግን ምንጩ የዐረብ ቋንቋ ነው፤ ትርጓሜውም «የቻይና» ማለት ነው። ዕቃው ከወዴት እንደ ተነሣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

በቻይና፣ ጂንግደዠን በምትባል ከተማ፣ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ብልሃተኞች ነጩን ሸክላ በሰማያዊ ሥዕል ያስጌጡ ነበር። ቀለሙ የሚወጣበት ኮባልት የተባለው ማዕድን በመጀመሪያ ከፋርስ አገር ይመጣ ነበር። ሠዓሊው ገና ባልተተኰሰው ሸክላ ላይ ሲሥል ቀለሙ ጠቋራ እንጂ ሰማያዊ አይደለም። በላዩ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ልባስ ተቀብቶ፣ የእቶኑ ሙቀት 1300 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ሰማያዊነቱ ይገለጣል። ደረቁ ሸክላ ቀለሙን ቶሎ ስለሚመጥ የተሳሳተውን መስመር ማረም ጭንቅ ነው።

ሥዕሉም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በሣህን ላይ የሌሊት ወፍ ያየ እንግዳ «ምነው ይህን አስቀያሚ ነገር ሣሉት?» ይል ይሆናል። በቻይና ቋንቋ ግን የሌሊት ወፍ «ፉ» ይባላል፤ በረከትም «ፉ» ነው። አምስት የሌሊት ወፎች አንድነት ቢሣሉ አምስቱ በረከቶች ማለት ነው፤ እነርሱም ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ ምግባርን መውደድና በጊዜው መሞት ናቸው። ዓሣ «ዩ» ነው፤ ተርፎ የሚቀር ሀብትም «ዩ» ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ ዓሣ፣ ወርቁ ጥጋብ ነው።

ሥዕልና ጸሎት በአንድ ዕቃ ላይ የሚገኙበትም ጊዜ አለ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1351 ዓ.ም. ጃንግ ወንጂን የተባለ ሰው ዘንዶ የተሣለባቸውን ሁለት ታላላቅ ማሰሮዎች ለቤተ ጣዖት ሰጠ። ቤተ ሰቡ በሰላም እንዲጠበቅ የለመነበት ጽሕፈት በአንገታቸው ላይ ይነበባል። ዕቃዎቹ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ።

ይህ ሸክላ በመርከብ እየተጫነ ወደ ኤውሮፓ በብዛት በሄደ ጊዜ ግን፣ ሥዕሉ ሲሄድ ቋንቋው አልተከተለውም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ሥራ አስመስለው፣ ድልድይና የአኻያ ዛፍ፣ ሁለት ወፎችም ያሉበትን ሣህን በማተሚያ እያተሙ ሸጡ። በ1849 አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ስለ ሥዕሉ ታሪክ አወጣ፤ ሁለት ወዳጆች ከአባት ቍጣ ሸሽተው ሞቱ፣ ወፎችም ሆኑ የሚል ነው። ብዙ ሰው ጥንታዊ የቻይና ተረት መስሎት ለልጆቹ ነገረ። ሣህኑም ተረቱም የእንግሊዝ ነበሩ፤ ተረቱ የተጻፈውም ሥዕሉ ከወጣ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው።