የእንጨት ሥራ ቡድናችን ለምን ሙዚየም ይሂድ?

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የእንጨት ሥራ ቡድናችን ስላቀረበው ጥያቄ ነው። ቡድኑ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ የቤት ዕቃ ባዛርና ሙዚየም ለመጎብኘት ወጪ ይፈቀድልን ብሏል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ይህ ሽርሽር ነው፤ የቁጠባ ገንዘብ ለሽርሽር አይወጣም» ብላችኋል። ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ከእኔ የምትጠብቁት እምቢታ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ይፈቀድ ባይ ነኝ። ምክንያቴንም ቅድመ ሁኔታዬንም ላስረዳ።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከኤምዲኤፍ የተሠራ የቴሌቪዥን ማስቀመጫና የጫማ መደርደሪያ ነው። ያንኑ ዕቃ በየሰፈሩ ያለ እንጨት ቤት ሁሉ ይሠራዋል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች የሚወዳደሩት በዋጋ ነው፤ በዋጋ ደግሞ ቦርድ በብዛት የሚገዛና ትልቅ መቁረጫ ማሽን ያለው ያሸንፈናል። እኛ ዋጋ በቀነስን ቁጥር የቦርዱና የማጠፊያው ዋጋ አይቀንስም፤ የሚቀነሰው የእህቶቻችን የእጅ ዋጋ ነው። መውጫው ሌላው የማይሠራውን መሥራት ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ያላዩትን ዕቃም አስቦ መሥራት ከባድ ነው።

ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ሕንፃው ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑል፣ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ይጎበኛል፤ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተሰበሰቡ የእንጨት ዕቃዎችም እዚያው አሉ። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ብዙ ሰው ድንቅነሽን ለማየት የሚሄድበት ነው። ለእኛ ግን እዚያ ያለው ከእንጨት የተቀረጸ ትልቅ ዙፋንም ትምህርት አለው። ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጅረን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ቢያይ የእንጨት ሥራ ምን ያህል እንደሚደርስ ይረዳል።

ታዲያ ምን እናገኛለን? የጅማን በርጩማ እንውሰድ። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ስለሆነ ምስማርም ኮላም አይፈልግም፤ የሚላቀቅ መገጣጠሚያም የለውም። እግሩ ሦስት ነው። ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅም፤ አራት እግር ያለው ግን አንዱ ትንሽ ካጠረ መንገዳገድ ይጀምራል። መቀመጫው መሃሉ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ሰው ሲቀመጥበት ይመቸዋል። የእንጨት ትራሱንም እዩት፤ አንገትን ደግፎ የተሠራ ፀጉር እንዳይበላሽ ያደርጋል። እያንዳንዱ ቅርጽ ምክንያት አለው ማለት ነው።

እኛ የምንፈልገው ያንን ምክንያት ነው። ቡድናችን ያለው ጣውላ እንጂ ግንድ ስላልሆነ በርጩማውን እንዳለ መቅዳት አያዋጣንም፤ የጅማ ባለሙያዎች ሥራም የራሳቸው ነው። ነገር ግን ሦስት እግርና ጎድጎድ ያለ መቀመጫ ያለው የቡና በርጩማ ከዋንዛ ጣውላ መሥራት እንችላለን። ከእሱ ጋር የሚሄድ ረከቦትም እንሥራ። ቡና አፍልታ የማታውቅ እጅ የሠራችው ረከቦት ውኃው የትም ይፈሳል፤ ሲኒው ሲነሳ ሲቀመጥ ይጋጫል። እዚህ የተቀመጥነው ሴቶች የረከቦትን ችግር ከማንም በላይ እናውቃለን። ይህ እውቀት በገበያ ላይ ዋጋ አለው።

ሙዚየም ሌላም ያስተምራል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይጠብባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ሰፊ ጣውላ የሚሰነጠቀውና የሚጣመመው ለዚህ ነው። አሮጌ ዕቃ ስናይ የት እንደተሰነጠቀ፣ የት እንደላላ፣ የትኛው ጫፍ እንደተበላ እንመልከት። ብዙ ዘመን የፈተነውን ነገር ማየት ነው።

ባዛር ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በዓል ሲቃረብ የሚዘጋጀውን ታውቁታላችሁ። ሙዚየም ውስጥ ዕቃ አይነካም፤ ባዛር ላይ ግን ሻጩን አስፈቅዶ መሳቢያውን መክፈት፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ማየት፣ ጀርባው በምን እንደተሸፈነና ጠርዙ እንዴት እንደተለበጠ መመርመር ይቻላል። ከሁሉ በላይ ገዢዋን አድምጡ። ሳትገዛ ስትሄድ ያለችው «ውድ ነው» ነው ወይስ «የኮንዶሚኒየሜ ደረጃ አያሳልፈውም»? ለመጀመሪያው መልሱ ዋጋ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ተፈታትቶ የሚገጠም ዕቃ መሥራት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። እንበልና ለትራንስፖርት፣ ለመግቢያና ለምሳ በአንድ ጉብኝት 3,000 ብር ወጣ። ከጉብኝቱ አንድ አዲስ በርጩማ ተገኝቶ 40 ቢሸጥ የጉብኝቱ ወጪ በአንድ በርጩማ ላይ 75 ብር ይደርሳል። ከሦስት ጉብኝት ውጤት ያመጣው አንዱ ብቻ ቢሆን እንኳ 9,000 ብር ለ40 ሲካፈል 225 ብር ነው። ይህ ወጪ የዕቃው ዋጋ ሲተመን አብሮ መግባት አለበት። ገዢው ያንን ዋጋ የማይከፍል ከሆነ ያ ዕቃ ለእኛ አልሆነም ማለት ነው፤ እሱንም ቶሎ ማወቅ ይጠቅማል።

«ሽርሽር ነው» ያላችሁትም እውነት አላችሁ። እንጀራ ጋግራ፣ ቆሎ ሸጣ የቆጠበች እናት ገንዘቧ ለሌላ ሰው ጉብኝት ሊውል አይገባም። ስለዚህ ይህንን ሐሳብ አቀርባለሁ፤

1. ወጪው ከቁጠባው አይነካ። ከእንጨት ሥራ ቡድኑ ትርፍ ላይ ብቻ ይውጣ፤ ትርፍ በሌለበት ሩብ ዓመት ጉብኝት አይኖርም።

2. እያንዳንዷ ጎብኚ ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ይዛ ትሂድ። አንድ ዕቃ መርጣ በሦስት አቅጣጫ ትሣል፤ ባዛር ከሆነ ቁመቱንና ስፋቱን ትለካ። ፎቶ ማንሳት የሚቻለው ሲፈቀድ ብቻ ነው።

3. ከጉብኝቱ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ናሙና ይሠራ፤ የእንጨቱ፣ የኮላው፣ የቫርኒሹና የእጅ ዋጋው ተጽፎ ለዚህ ጉባኤ ይቅረብ።

4. ሁለት ጉብኝት ያለ ናሙና ካለፈ ወጪው ይቁም።

በዚህ መንገድ ከተስማማን ገንዘቡ የት እንደገባ ከደረሰኙ በተጨማሪ ናሙናውን ቁጭ ብላችሁበት ታረጋግጣላችሁ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጥያቄ ያላችሁ እናቶቼና እህቶቼ ጠይቁኝ።