መንገዱ ተዘግቶ ሳለ የተሠራ ሥራ



በምረቃ ቀን «እግዚአብሔር ይመራኛል» ማለት አይከብድም። ቃሉ የሚከብደው ምደባው ሲዘገይ፣ የታሰበው በር ሲዘጋ፣ የተጸለየበት ጉዞ ከመንገድ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጊዜ ከመንገድ የተመለሱትን የኦኔሲሞስ ነሲብን ሕይወት ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ኋላ ኦኔሲሞስ የተባለው ልጅ፣ ሂካ፣ የተወለደው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የሞተበት ገና በሕፃንነቱ ነበር። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ያዙት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከበው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስም ተባለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ባይሸጥ ኖሮ ወንጌልን ባልሰማ ነበር» ብሎ ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር መዝጋት ልጇን የተነጠቀችውን እናት መርሳት ነው። የዘፍጥረት መጽሐፍ በምዕራፍ 50 ላይ ዮሴፍን ሲያናግረው የወንድሞቹን ክፋት ክፋት ብሎ ያስጠራዋል፤ የእግዚአብሔርን አሳብም ከዚያው ጎን ያስቀምጣል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ነገ ከተጎዳ ሰው ፊት የምትቆሙ አገልጋዮች ይህን ሳትለዩ ለማጽናናት አትቸኩሉ።

ኦኔሲሞስ ስዊድን ሄደው በዮሐነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ሲመለሱ ልባቸው ያለው አንድ ቦታ ነበር፤ ወደ ተወለዱበት ሕዝብ ገብቶ ወንጌልን በገዛ ቋንቋው መንገር። የመጀመሪያው ጉዞ በሱዳን በኩል ነበር። ጥቁር ዓባይን ተከትለው እስከ ፋማካ ዘለቁ። ከዚያ ወዲያ አልተቻለም፤ የመሐዲ እንቅስቃሴ ሱዳንን ማናወጥ ጀምሯል፣ በሽታውም በረታ። በ1882 ወደ ምጽዋ አቅራቢያ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1884 ሌላ ጉዞ ተጀመረ፤ በዚህኛው እንጦጦ ደረሱ። ወደ ኦሮሞ አገር ለማለፍ ግን ምኒልክ አልፈቀዱላቸውም። በ1886 እንደገና እምኩሉ ላይ ተገኙ።

አገር ቤት መግባት ሲቀር ብዕር አነሡ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። ይህም የራሱ ጭንቅ ነበረው። ከቤት የተወሰዱት በልጅነታቸው ነው። ልጅ የሚያውቀው ቋንቋ የማጀትና የመስክ ቋንቋ ነው፤ የነቢያቱን ወቀሳና የጳውሎስን ክርክር ለመሸከም ግን የሽማግሌዎች ንግግር፣ ተረቱና ምሳሌው ያስፈልጋል። ያንን ማን ያምጣላቸው?

በዚያው በ1886 በባርነት ወደ ዓረብ አገር ሊሻገሩ የነበሩ ልጆችን የጫነች ጀልባ በጣሊያን መርከብ ተያዘች። ከልጆቹ አንዷ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች፤ አስቴር ጋኖ። የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ ቋንቋው በአፏ ትኩስ ነው። አስቴር አድገው ከሥራው ዋና ባለቤቶች አንዷ ሆኑ። ቃላት ለቀሙ፤ ከራሳቸው ትዝታና እንደ እሳቸው ነፃ ከወጡ ወጣቶች አፍ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን እየሰበሰቡ ጻፉ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ በ1894 የሁለቱ የኦሮምኛ ማንበቢያ ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ቅድስት ክሪስቾና፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ። የርእስ ገጹ የኦኔሲሞስን ስም ብቻ ያነሣል፤ የአስቴርን ድካም አለማንሣት ግን በደል ነው።

የ1884ቱ ጉዞ ተሳክቶ ቢሆን ኦኔሲሞስና አስቴር እምኩሉ ላይ ባልተገናኙ ነበር። ኦኔሲሞስ በዚያን ጊዜ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። የታያቸው የተዘጋ መንገድና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ወረቀት ነው።

በ1904 ወለጋ ገቡ፤ ከተነጠቁ 35 ዓመት አልፏል። አስቴርም መጡ። ነቀምት ላይ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ፈተናው በዚህ አላበቃም፤ ተከሰሱ፣ መስበክም ተከለከሉ፤ የስብከት ፈቃድ ያገኙት በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። በ1931 እስኪያርፉ ድረስ እዚያው አገለገሉ።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ምደባችሁ ቢዘገይ ወይም ያላሰባችሁት ቦታ ብትመደቡ በእጃችሁ ያለውን ሥራ አትናቁ። በየሄዳችሁበት ከእናንተ ያነሰ የተማረ የሚመስላችሁን ሰው ቀርባችሁ ጠይቁ፤ የጎደላችሁ እውቀት ከእሱ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ወላጆችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ፣ ልጆቻችሁ ያሰቡት ሳይሳካላቸው ሲመለሱ «እግዚአብሔር ትቷችኋል» የሚል ፊት አታሳዩአቸው። ቤት ስጧቸው፣ ሥራ ስጧቸው፣ አብራችኋቸው ጸልዩ።