የተማረ ሰው ዕዳ
(በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ነው። «የአዲስ አበባ ባለሥልጣን ከሺሺንዳ እድር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ፕሬዚዳንቱ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡና ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅ ካሣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት የሆኑት። የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታን ያገቡ ስለነበሩ፣ «በጋብቻ ነው የተሾሙት» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሰውን በሥራው እንመዝን።

በ1957 ዓ.ም. በእሳቸው ጊዜ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ደንብ ሥራ ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግዴታው ሆነ። ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ጥቂት ነበር፤ ከነበሩትም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አብዛኞቹ ዘማቾች አስተማሪ ሆኑ። መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከተማ ያደገው ወጣት የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ ሲመለስም ጥያቄው በረታ። ፕሬዚዳንቱ በመንግሥትና በተማሪው መሐል ቆመው እስከ 1961 ዓ.ም. መሩ።

ኋላም የወለጋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ፣ የእርሻ ሚኒስትርም ሆኑ። ከአብዮቱ በኋላ ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ወገኖቼ፣ እኛ በየወሩ የምናዋጣው እኮ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ነው። ለእሳቸው በዚያን ቀን ድንኳን የተከለ፣ አፈር ያለበሰ ጎረቤት አልነበረም።

ያ ደንብ ዛሬ የለም፤ ሐሳቡ ግን የእድር ሐሳብ ነው። ወገን ያስተማረው ሰው ለወገን ዕዳ አለበት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ቦንጋ ድረስ መጥቶልናል፤ ልጆቻችንም እዚያም ሌላም ቦታ ይማራሉ። ታዲያ ለክረምት ሲመለሱ ታናናሾቻቸውን ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑልን ምን አለበት? አግዳሚ ወንበሮቻችን ለቅሶ በሌለበት ቀን ተቆልፎባቸው ይውላሉ። ዝናቡ ቢበረታም ድንኳን አለን። ጉባኤው በዚህ ላይ ተነጋግሮ እንዲወስን በትሕትና እጠይቃለሁ።