ስለ አንድ እምቢተኛ ብሎን



ዛሬ የምናገረው በክራንክሻፍት ጫፍ፣ በፑሌጃው መሃል ስለሚታሰረው አንድ ብሎን ነው። ለምሳሌ የምወስደው ሁላችሁም የምታውቁትን ሞተር ነው፤ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለዓመታት ባመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ውስጥ የኖረውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ 2,446 ሲሲ የሆነውን 2ኤል እና ተለቅ ያለውን 2,779 ሲሲ 3ኤል።

እነዚህ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋቸው በየጊዜው መቀየር አለበት። ቺንጋው እንዲወጣ ሽፋኑ፣ ሽፋኑ እንዲወጣ ፑሌጃው፣ ፑሌጃው እንዲወጣ ደግሞ ያ ብሎን መፈታት ግድ ነው። ብሎኑ እምቢ ያለ ቀን «ቺንጋው ትንሽ ይቆይ» ይባላል። የቆየው ቺንጋ መንገድ ላይ ይበጠሳል፤ ፒስቶኖቹ ቫልቮላዎቹን ይመታሉ፤ ቴስታታ ይወርዳል። ሾፌሩና ረዳቱ ሥራ ፈት ሆነው ይሰነብታሉ። ብሎኑን አክብሬ የምናገርለት ስለዚህ ነው።

ለመሆኑ ለምን እምቢ ይላል? ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት አብዛኛውን፣ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን፣ በብሎኑ ራስ ሥርና በፊሌቶው ላይ ያለው ፍትጊያ ይበላዋል። የቀረው ጥቂቱ ብሎኑን በመጠኑ ይለጥጠዋል፤ ፑሌጃውን ነክሶ የሚይዘውም ይህ መለጠጥ ነው። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሞተሩ ይግላል፣ ይበርዳል፣ እርጥበት ይገባል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ሞልቶ ይጨምቀዋል።

ይሁን እንጂ እኔ እንደማምነው ዋናው ምክንያት ዕድሜ አይደለም፤ ያለፈው መካኒክ እጅ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል 700 ኒውተን ሜትር ገደማ ያሳርፋል። ይህ አምራቹ ካዘዘው እጅግ የራቀ ነው። «አጥብቄ አሰርኩት» ብሎ የሚኮራ ሰው ነገ ለሚፈታው ወጣት የተሰበረ ጣት እያዘጋጀለት ነው፤ ይህን በግልጽ መነጋገር አለብን።

ወደ አፈታቱ ልምጣ። ብዙዎቻችን ስለ ብሎኑ ስንጨነቅ ክራንክሻፍቱን እንረሳለን። ቁልፉን ስንገፋ ሞተሩ አብሮ ይዞራል፤ ጉልበታችንም ይባክናል። ስለዚህ ቀድሞ መታሰር ያለበት ክራንክሻፍቱ ነው። ረዳት ፍሬን ረግጦ መኪናውን በከፍተኛ ማርሽ መያዝ አንዱ መንገድ ነው። በአንደኛ ማርሽ ከሆነ ግን ከሞተሩ የሚመጣው ጉልበት ጎማው ዘንድ ሲደርስ ይባዛልና ፍሬኑን ሊያሸንፈው ይችላል። ከዚህ የተሻለው ፑሌጃው ፊት ላይ ባሉት ፊሌቶ ያላቸው ቀዳዳዎች ጠንካራ የብረት መያዣ አስሮ እሱን መደገፍ ነው። መያዣው በማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራል፤ ጋራዥ ያለው ሰው አንድ እንዲያሠራ እለምናለሁ። በቮላኖ ጥርስ መሃል ካቻቪቴ መሸጎጥ ግን ጥርስ ይሰብራል። የፑሌጃውን ጠርዝ በፒንሳ መያዝም ፑሌጃውን ያበላሻል።

ከዚያ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ፑሌጃው ድረስ በቾክ አንድ መስመር አስምሩ። ስትገፉ መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ብሎኑ ተንቀሳቅሷል፤ መስመሩ ሳይቆረጥ ከዞረ የዞረው ሞተሩ ነው። ቡሶላው ባለ ስድስት ማዕዘንና አጭር ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የብሎኑን ጠርዝ ይበላል። ማራዘሚያ በረዘመ ቁጥር እየተጠማዘዘ ጉልበቱን ይውጠዋል። በቡሶላውና በክንዳችሁ መካከል የሚገባ ነገር ሁሉ ይቀነስ፤ ቦታ ከጠበበ ራዲያተሩን አውርዱ። የሚመታ ማሽን ያለው ሰው እሱን ይጠቀም፤ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ክራንክሻፍቱ በራሱ ክብደት ይቆምለታል፤ ፍትጊያውም በተከታታይ ምት ይላቀቃል። ዘይት መንፋት አይከለከልም፤ ነገር ግን ሮንዴላው አጥብቆ ስለሚዘጋው ፊሌቶው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እሳት ደግሞ ከኋላ ያለውን የዘይት ማገጃ ጎማ ያቃጥላል፤ እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ።

ቁልፉን በሻንሲው አስደግፎ ሞተሪኖ መምታት የሚባል ዘዴ አለ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የቶዮታው ሞተር ከፊት ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚዞር የተያዘው ብሎን ይፈታል። ቁልፉ ከቦታው ከወጣ ግን ፊት ለፊት ያለውን ሰው ደረት ይመታል። በብዙዎቹ አሮጌ የሆንዳ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሞተሩ በተቃራኒው ስለሚዞር ብሎኑን ጭራሽ ያጠብቀዋል። ተማሪ ፊት ይህን ዘዴ የሚያሳይ መምህር ቢኖር እንዲያቆም እጠይቃለሁ።

ብሎኑ ሲለቅ «ጧ» ይላል። ድምፁን የተሰበረ ብሎን ድምፅ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ መስመሩን እዩ።

ብሎኑ ሲመለስ ፊሌቶው በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፤ ማጥበቂያውም በመለኪያ ቁልፍ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይሁን። ላልቶ ከታሰረ ፑሌጃው እየተወዛወዘ ክራንክሻፍቱ ላይ ያለውን የመቆለፊያ ቦይ ይበላዋል፤ ያኔ ችግሩ ብሎን መሆኑ ቀርቶ ክራንክሻፍት ይሆናል። የታይሚንግ ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩን በዚያው ብሎን በእጃችሁ ሁለት ሙሉ ዙር፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ብቻ አዙሩት። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራልና ምልክቶቹ በየቦታቸው መመለስ አለባቸው። ካልተመለሱ ቺንጋው እንደገና ይወርዳል፤ እስከዚያ ሞተሪኖው አይነካም።