የተለወጠች የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ማንነት እንዴት ይለያል?

(ለሚ ላይ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ ድረስ በማምጣት ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አቀረበ። የሰውየውን ስም የሰማ ሁሉ መኪናይቱን «ቤንትሌይ» ሊላት ይቃጣዋል፤ ነገር ግን በዚያ ስም የሚጠራው ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። መኪናይቱ ሲድሌይ ነበረች። ሲድሌይ ደግሞ በዚያን ጊዜ የዎልስሌይን ፋብሪካ ይመራ ስለ ነበር የሁለቱ ስም ተደባልቆ ይሠራበት ነበር። ዎልስሌይ በ1927 እ.ኤ.አ. በዊልያም ሞሪስ ተገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ የዎልስሌይ ሥሪት የሆነ 847 ሲሲ ሞተር ኤም ጂ ሚጄት በተባለችው ትንሽ የስፖርት መኪና ውስጥ ገባ። እንግዲህ በግንባር ላይ የተለጠፈ ስም የምርመራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ከዚሁ ቤት የወጣችውን ኤም ጂ ቢ ለምሳሌ እንውሰድ። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. አቢንግደን ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ብዛቷና የመለዋወጫዋ መገጣጠም ለለዋጭ እጅ የተመቸች አድርጓታል፤ የኋለኛውን ሞተር ከቀደመው አካል ጋር ማጋባት ቀላል ነው። መርማሪው አስቀድሞ የሻንሲ ቁጥሯን ይፈልጋል። «ጂ ኤች ኤን 3» የሚል መነሻ ካለው፣ የመጀመሪያው ፊደል ኤም ጂን፣ ሁለተኛው የሞተሩን ወገን፣ ሦስተኛው ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት አካልን ያመለክታል፤ ጣሪያዋ የተዘጋው ግን በኤን ፈንታ ዲ አላት። የሞተሩ ቁጥር የሚገኘው በሪቬት በተያያዘች ትንሽ ሳህን ላይ ነው። ሪቬት ደግሞ ይነሣል።

ስለዚህ ብረቱን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የክራንክ ዘንጉ ዋና ኩሽኔታ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ሦስት፣ ከዚያ ወዲህ አምስት ነው። በ1967 ካምቢዮው በሁሉም ማርሽ ሲንክሮናይዝድ ሆነ፤ ዲናሞውም ለአልተርኔተር ቦታውን ለቀቀ። በ1974 ጥቁር የጎማ መከላከያ ተገጠመ፤ የአካሉም ከፍታ ከፍ አለ። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ባለቤቶች የጎማውን አውልቀው የሚያብረቀርቀውን የቀድሞውን መከላከያ ስለሚገጥሙ፣ መኪናይቱ ከዕድሜዋ በላይ ያረጀች መስላ ትታያለች። በአገራችን ደግሞ ከፍ ብላ የምትታየውን መኪና «ለኮረኮንች ተብሎ ጋራዥ ያነሣት ናት» ማለት ይቀናል፤ ከፋብሪካዋ እንደዚያው ወጥታ ሊሆን ይችላል።

መሪውም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ መስመር ትነዳ ስለ ነበር፣ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሪ ካለ የብየዳው ጠባሳ ለታሪኳ ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን ዘመን አይቆርጥም።

እጅግ የሚናገረው የካርቡራተሩ መርፌ ነው። በኤስ ዩ ካርቡራተር ውስጥ ያለች ይህች ቀጭን መርፌ መለያዋ ከአንገቷ ላይ ተቀርጿል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሰባት አሥረኛ ገደማ ነው፤ ለጠረፍ የተስተካከለች መኪና እዚህ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ጥቁር ጢስም ታወጣለች። መካኒኩ ነዳጅ የሚቀንስ መርፌ ካገባላት፣ ያቺ መርፌ ከደጋው መኖሯን ትመሰክራለች። ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ መውጣትን የለመደ ሰው የዲፈረንሲያሉ ጥርስ ቁጥር ለምን እንደ ተቀየረ ሳይነገረው ይገባዋል።

እንግሊዝ አገር ጌይደን የሚገኘው የሞተር ሙዚየም የፋብሪካውን መዝገብ አመሳክሮ የተሠራችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የተላከችበትን አገር የሚገልጽ ማረጋገጫ ይሰጣል። መዝገቡ ግን የሚያውቀው ከበሩ እስክትወጣ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሚገኘው በሊብሬውና በመካኒኩ እጅ ሥራ ነው። ዛሬ «ወደ ጥንቷ መመለስ» በሚል ስም የአገር ቤቱን ብየዳ በሞላ ፈልጦ መጣል እየተለመደ ነው፤ ይህ ጥገና ሳይሆን ምስክር ማጥፋት ነው። ያ ብየዳ መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ መኪናይቱን በመንገድ ላይ ያቆየ የባለሙያ ውሳኔ ነው። ቁጥሩን ፍቆ ሌላ መምታት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ ማታለል ነው፤ የሊብሬው ባለቤትም ገዢውም የሚጎዱበት።

ስለዚህ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት የሻንሲው፣ የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር ይጻፍ፤ የመርፌዋ መለያ፣ የዲፈረንሲያሉ የጥርስ ብዛት፣ ከላዩ ቀለም ሥር የሚታዩት የቀድሞ ቀለሞችና እያንዳንዱ የብየዳ ቦታ በፎቶግራፍ ይያዝ። የወለቀውም ዕቃ ስሙ ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጥ።