ጎጆ ያስወጡንን እናክብር

በደብራችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

በምሥረታ በዓል ዕለት ብዙዎችን ማመስገን የተገባ ነው። የራሳችን ሕንጻ ሳይኖረን በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ያነጠፉትን፣ ከሌሊት ሥራ ወጥተው እንቅልፍ ሳያዩ ኪዳን ያደረሱትን፣ ጠበል ጸዲቁን ያሰናዱትን፣ ለሕንጻው መግዣ ከደመወዛቸው የቆረጡትን ሁሉ ዛሬ ስናነሣ ውለናል። ይሁን እንጂ ስማቸው በየትኛውም የምስጋና ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሌሎች ባለውለታዎችም አሉን። እነርሱም በመካከላችን ላሉት ብዙ ትዳሮች ምክንያት የሆኑት፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን ያስተዋወቁ፣ ሽማግሌ ሆነው ደጅ የጠኑ፣ ጎጆ ያስወጡን ወገኖች ናቸው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከሚዘምሩት ሕፃናት ጥቂት የማይባሉት፣ አንድ ቀን አንድ ሰው «አንዲት ጨዋ ልጅ አውቃለሁ» ብሎ ባይናገር ኖሮ ዛሬ በመካከላችን ባልተገኙ ነበር። ስለዚህ ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ አገልግሎታቸው ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

አስቀድመን ቋንቋችን ለዚህ አገልግሎት የሰጠውን ስም እናስተውል። ትዳር ለመጠየቅ የሚላከውን ሰው ሽማግሌ፣ አንዳንዴም አማላጅ እንለዋለን። አማላጅ የሚለውን ይህንኑ ቃል ለእመቤታችን፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን እንናገርበታለን። አባቶቻችን የሁለት ቤተሰቦችን መገናኘት በዚህ ስም መጥራታቸው ነገሩን ምን ያህል ከፍ አድርገው እንዳዩት ያሳያል። ጥር 12 ቀን የምናከብረውን የቃና ዘገሊላን በዓል እናስብ። እመቤታችን የወይን ጠጁን ማለቅ ማንም ሳይነግራት አስተዋለች፤ ሙሽሮቹን ሳታሳፍር ለልጇ አሳሰበች፤ አገልጋዮቹንም እንዲታዘዙት መከረች። የድግሱ አሳዳሪ ወይኑ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው። የአማላጅ ሥራ እንዲህ ነው። የጎደለውን ያያል፣ በስውር ያሳስባል፣ ደስታው ሲሞላም ወደ ኋላ ይላል።

በአገራችን ሥርዓት ሽማግሌ መላክ ቀላል ነገር አልነበረም። ደጅ የሚጠኑት ወንዶች ቢሆኑም ነገሩን አስቀድመው የሚያዩትና የሚያጠኑት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና አክስቶች ነበሩ። ዘር ይጠየቃል፤ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በአገር የተከበሩ፣ ቃላቸው የሚታመን ሰዎች ተመርጠው ይላካሉ። ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ሲደርሱ «ተቀመጡ» ቢባሉም፣ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ እህል ውኃም አይቀምሱም። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ከተናገሩ በኋላም መልሱ ወዲያው አይሰጣቸውም። የልጅቱ አባት ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እነርሱም ሁለተኛና ሦስተኛ ይመላለሳሉ። ይህ ሁሉ መመላለስ ለወጉ ብቻ የሚደረግ አልነበረም። ቤተሰቡ የሚጠይቅበትና የሚያጣራበት ጊዜ እንዲያገኝ፣ ሽማግሌዎቹም በጉዳዩ ምን ያህል እንደሚጸኑ እንዲታይ የተሠራ ሥርዓት ነው።

የዚህን ሥርዓት መሠረት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 እናገኘዋለን። አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት ያመጣለት ዘንድ የቤቱን ሽማግሌ ልኮታል። ያ ሎሌ ዐሥር ግመሎች ይዞ ከናኮር ከተማ ደረሰ፤ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብም ቆሞ ጸለየ። ርብቃ ለእርሱም ለግመሎቹም ውኃ ስትቀዳ ዝም ብሎ ጠባይዋን ተመለከተ። ወደ ቤት ገብቶ ማዕድ በቀረበለት ጊዜ ግን ነገሩን ሳይናገር እንደማይበላ አስታወቀ። ሽማግሌዎቻችን ቆመው ጉዳያቸውን የሚናገሩበት ሥርዓት ከዚህ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ በሉ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር በዚያው ምዕራፍ አለ። አብርሃም ገና ሎሌውን ሲያምለው፣ ሴቲቱ ለመምጣት ባትፈቅድ ከመሐላው ነጻ እንደሚሆን ነግሮታል። በመጨረሻም ቤተሰቡ ርብቃን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄድ እንደሆነ ጠየቋት፤ እርሷም እንደምትሄድ በራሷ አፍ ተናገረች። ስለዚህ የጥንቱ ሽምግልና የልጅቱን ፈቃድ የሚጠይቅ እንጂ የሚደፈጥጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ምስክራችን ጳጉሜን 3 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ሩፋኤል ነው። በመጽሐፈ ጦቢት እንደ ተጻፈው፣ ጦቢት በሰው ዘንድ ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣለት ልጁን ጦብያን ወደ ሩቅ አገር ሲልከው፣ መልአኩ በሰው አምሳል የመንገድ ጓደኛ ሆነው፤ በመንገድም ወደ ራጉኤል ቤት መርቶ ከሣራ ጋር አገናኘው። ሣራ አስቀድሞ ለሰባት ባሎች ተሰጥታ ሰባቱም ሞተውባታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልባችንን ሊነኩ ይገባል። የመጀመሪያው፣ አባቷ ራጉኤል ይህን መከራ አለመደበቁ ነው፤ ልጁን ከመስጠቱ በፊት እውነቱን ለጦብያ ነገረው። ሁለተኛው፣ ጦቢትና ልጁ ከተገኘው ሀብት ሁሉ እኩሌታውን ለባለውለታቸው ሊሰጡት በፈለጉ ጊዜ፣ መልአኩ ማንነቱን ገልጦ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ማዘዙ ነው። እውነት መናገርና ዋጋ አለመጠበቅ፤ የአማላጅ ሕግ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

እዚህ ላይ መሸፈን የማይገባውን እውነት መናገር አለብኝ። በአገራችን ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ እንደ ርብቃ ቤት አልተፈጸመም። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ገና በልጅነታቸው የተዳሩ እናቶችና አያቶች አሉን፤ አንዳንዶቻቸው ዛሬም ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ የመጣ አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይሻል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት አድርጎት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ወገን 18 ዓመት አድርጎታል። ስለዚህ የቀድሞውን ሥርዓት እንመልስ ስንል፣ ልጅቱ የምትጠየቅበትን ሥርዓት ማለታችን እንደሆነ ሴቶች ልጆቻችን ሊያውቁልን ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን ሁኔታ እንምጣ። በዚህ አገር ወንዱ በሌሊት በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ሴቲቱ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ትውላለች። ለዓመታት በአንድ ቅዳሴ ላይ እየቆሙ ስም ለስም የማይተዋወቁ ወጣቶች አሉን። አባትና እናት ያሉት በአገር ቤት ስለሆነ፣ ሽማግሌው በስልክ ይላካል፤ ቀጠሮውም በስልክ ይያዛል። ልጆቹ ራሳቸው ተዋውቀው፣ አዳራሽ ተከራይተውና የጥሪ ካርድ አሳትመው ከጨረሱ በኋላ ሽማግሌ የሚፈለግበትም ጊዜ ብዙ ነው። ልጆቹ ተመራርጠው መምጣታቸው አያስከፋም፤ የርብቃ ፈቃድም የራሷ ነበር። የሚያሳዝነው ሽማግሌው ፎቶግራፍ ከተነሣና ምሳ ከበላ በኋላ ሥራው እንዳለቀ መቆጠሩ ነው።

የሽማግሌ ሥራ ግን ከሠርግ በኋላም የሚቀጥል ነው። በቀድሞው ሥርዓት ያጋባ ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠራ ነበር። የ1952ቱ ሕግ እንኳ የባልና ሚስትን አለመግባባት አስቀድመው የሚያዩት ሽማግሌዎች እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። አንደኛ ሚዜም ለሙሽራይቱ እንደ ወንድም ሆኖ፣ ባሏ ቢበድላት አቤት የምትልበት ሰው ይሆናታል። በዚህ አገር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የጋብቻ ወረቀት ለሕጉ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ወረቀት መኮራረፍን ሰምቶ በር አያንኳኳም፤ አራስ አይጠይቅም፤ ሥራ የፈታውን ባል አያጽናናም። ወገን በሌለበት አገር አዲስ ትዳር ብቻውን ሲቆም፣ በትንሽ ነገር የተጀመረ ጠብ የሚያበርደው አጥቶ ከፍርድ ቤት ይደርሳል። ልጆችም በሁለት ቤት ተከፍለው በተራ ሲያስቀድሱ እያየን ነው።

ታዲያ ሰዎች ከዚህ አገልግሎት ለምን ሸሹ ብንል፣ ዋናው ምክንያት ወቀሳን መፍራት ይመስለኛል። ትዳሩ ከሰመረ አማላጁን የሚያስታውሰው የለም፤ ከፈረሰ ግን መጀመሪያ የሚነሣው የእርሱ ስም ነው። ሳይጠየቁ በሰው ጉዳይ የሚገቡ፣ ያላገባችውን ልጅ በጠበል ጸዲቅ ላይ «መቼ ነው?» እያሉ የሚያሸማቅቁ ሰዎችም አገልግሎቱን አስንቀውታል። አማላጅ ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ያልተሳካ ነገር ቢኖር እንኳ በሆዱ ይዞት ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ በበዓላችን ዕለት ጥቂት ነገሮችን በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሁለት ሰዎችን ለማገናኘት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የሁለቱንም ፈቃድ ለየብቻ ይጠይቅ። እምቢ ያለውን ወይም ያለችውን አይጫን፤ ለሌላ ሰውም አያውራ።

ሁለተኛ፣ እንደ ራጉኤል እውነቱን ይናገር። ቀድሞ የነበረ ትዳር፣ ልጅ፣ ዕዳ፣ ሕመም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ቢኖር ከቀለበት በፊት ይነገር። ለወረቀት ሲባል የሚታሰብ ጋብቻ ካለ አማላጅ እጁን ያውጣ፤ የሰው ዕድሜ መነገጃ አይደለምና።

ሦስተኛ፣ ተጋቢዎቹን ወደ ንስሐ አባታቸው ይምራ፤ ትዳራቸው በተክሊልና በቁርባን እንዲጸና፣ ከአዳራሹ ቀጠሮ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ቀጠሮ እንዲያዝ ያድርግ። አጽዋማቱን የማናውቅ ይመስል በጾም ወራት አዳራሽ ይዘን ካህናቱን የምናስጨንቅበት ልማድ ይቅር።

አራተኛ፣ ያጋባ ሰው ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት የሙሽሮቹን ቤት ይጎብኝ። ሲጠሩት ይሂድ፤ ሳይጠሩትም ስልክ ይደውል። ሁለቱንም ሳይሰማ አይፍረድ። ድብደባና ማስፈራራት ካለ ግን «ቻዪው» ብሎ አይመለስ፤ ሽምግልና የተበደለን ማዳኛ እንጂ በደልን መሸፈኛ አይደለም።

አምስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤያችን በየዓመቱ ለቃና ዘገሊላ በዓል በሚቀርበው እሑድ፣ በዚያ ዓመት የተጋቡትን ከአማላጆቻቸውና ከሚዜዎቻቸው ጋር በዐውደ ምሕረት አቁሞ በካህናት ቢያስመርቃቸው መልካም ነው። ሽልማት አያስፈልገውም፤ ቅዱስ ሩፋኤልም እኩሌታውን ሀብት አልወሰደም። ነገር ግን በምእመናን ፊት የተመሰገነ ሰው ኃላፊነቱንም በምእመናን ፊት ይቀበላል፤ ሙሽሮቹም በችግራቸው ጊዜ ማንን እንደሚጠሩ ያውቃሉ። ወጣቶቻችንም ትዳር የሁለት ሰዎች ጭንቀት ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ሁሉ አደራ እንደሆነ ያያሉ።

ውድ ወገኖቼ፣ ቤተ ክርስቲያናችንን በስደት አገር ያቆማት ጡብና ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ልጆች የሚጠመቁባት፣ የሚቆርቡባት፣ የሚዳሩባት ስለሆነች ነው የቆመችው። በመጪዎቹ ዓመታት ይህን ሕንጻ የሚረከቡት ልጆች ከጸኑ ትዳሮች ይወጡ ዘንድ፣ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። ያገናኘን ሰው በሕይወት ካለ ደውለን እናመስግነው፤ ካረፈ ስሙን ለካህናት ሰጥተን በጸሎት እናሳስበው። እኛም ራሳችን ያጋባናቸው ካሉ በዚህ ሳምንት ደጃቸውን እናንኳኳ።

የአብርሃምንና የሣራን፣ የይስሐቅንና የርብቃን ትዳር የባረከ አምላክ የሁላችንን ቤት ይባርክ። ትዳር ለሚሹ ወጣቶቻችን የልባቸውን መሻት ይስጥ፤ የተለያዩትን ያስታርቅ፤ ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉትን ያጽና። ደብራችንን ለልጅ ልጅ ያቆይልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።