ቀባሪ ከመምጣቱ በፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እዳዬ አበበች ጎበናን ለማሰብ የተደረገ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችሁ እንደ ደከማችሁ እናውቃለን፤ ፀሐዩም ከረር ብሏል። ቢሆንም ወደየቤታችን ከመበተናችን በፊት እኛ የኮሚቴው አባላት ስለ አንዲት እናት ጥቂት እንድንል ፍቀዱልን። የምንናገረው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ከደንባችን ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላለ ነው።

እኒህ እናት አበበች ጎበና ናቸው። ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» ይሏቸዋል። ጋዜጦች «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» እያሉ ሲጽፉላቸው ኖረዋል፤ ለእኛ ግን እዳዬ የሚለው ይበልጥብናል፤ የራሳቸው ስም እያላቸው የሰው ስም መዋስ ምን ይባላል? ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ያ ጊዜ እንኳን ለቅሶ መድረስ እጅ መጨባበጥ የሚያስፈራበት ጊዜ እንደ ነበር አትረሱትም።

የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባታቸው በጣሊያን ጦርነት ሞቱ፤ አያቶቻቸው ዘንድ አደጉ። አሥር ዓመት ሲሆናቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። አልተቀመጡም፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እንደ ምንም ፊደል ቆጥረው፣ በኋላ በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሥራ ነበራቸው፣ ባል ነበራቸው፣ ጎጆ ነበራቸው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ወረዱ። አገሩ በረሃብ ተመቷል። በየመንገዱ ሰው ወድቋል። በእጃቸው የነበረው አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ብቻ ነው፤ እሱንም አካፈሉ። እዚያው አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። እዳዬ በኋላ ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ በአጠገቡ ሬሳ የሚሰበስብ ሰው ነበረ። ሕፃኗን ምን ሊያደርጋት እንደሆነ ሲጠይቁት፣ እስክትሞት እየጠበቀ መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው ግን አንስተው አቀፏት።

በዚያ ሰውዬ አንፈርድበትም። ቀባሪ ነው፤ የታዘዘው እንዲቀብር ነው፤ በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል ቆሞ ሌላ ምን ያድርግ? ግን ወገኖቼ፣ እኛስ ማን ነን?

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንዷ፣ ባሏን በዚሁ እድር የቀበርንላት ሴት፣ ማክሰኞ ማታ የኮሚቴውን በር አንኳኳች። ልጇ ትንፋሹ ፈጥኖ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው። ለመኪና፣ ለካርድና ለመድኃኒት የሚሆን ብድር ለመነች። እኛ ምን አልን? «እኅታችን፣ ደንቡ ለቀብር እንጂ ለሕክምና ወጪ አድርጉ አይልም» አልን። ክፋት አልነበረም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው ብለን ፈራን። ከኪሳችንም አላወጣንም። እሑድ ለፋፊው ዞረ። ድንኳኑ በጠዋት ተተከለ፣ ወንበርም አልጎደለም፣ ለልጅ የሚከፈለው ግማሽ ክፍያ በደንቡ መሠረት ተቆጥሮ ተሰጣት። እናቲቱ ፈርማ ስትቀበል «ይኼ ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ» አለች። ያን ቀን የተያዘው ቃለ ጉባኤ ይኼን አይጨምርም። ዛሬ እንዲጨመር ብለን ነው የተናገርነው።

ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ከጤና ባለሙያዎች የሰማነውን ሁላችንም ብናውቀው ይበጃል። የሕፃን ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ደረቱ ሲሳብ፣ ጡት አልይዝ ሲል፣ ሲያንዘፈዝፈው ወይም ሲደነዝዝ ነገ ይሻለዋል አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ነው። የሳንባ ምች በጊዜ ከተደረሰበት እንደ አሞክሳሲሊን ባለ ተራ መድኃኒት የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ተቅማጥም እንደዚሁ፤ ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃ ነው። የኦአርኤስ ዱቄት ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያውን ልክ አድርጎ፣ በጥብጦ እየደጋገሙ ማጠጣት ነው። ጨው አይብዛ፤ ከበዛ ይጎዳል። የአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እዳዬ ወሎ በወረዱበት በዚያው በ1980 ነበር፤ ያኔ ለስድስት በሽታዎች። ለሳንባ ምች ዋነኛ ከሆኑት ጀርሞች አንዱን የሚከላከለው ክትባት የተጨመረው በ2011 ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የክትባት ካርዱን ከሰነድ ጋር አስቀምጡት።

ወደ እዳዬ እንመለስ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። መንግሥት ረሃቡ እንዲወራ ስለማይፈልግ ልጆቼ ናቸው እያሉ ነበር ያሳለፏቸው። ዓመት ሳይሞላ ሃያ አንድ ደረሱ። ባልም ዘመድም ከልጆቹና ከትዳርሽ ምረጪ አሉ። ትዳራቸውን ትተው ልጆቹን ሰብስበው ከከተማ ወጣ ብሎ በጫካ አጠገብ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ገቡ። ከዚያች ጎጆ ተነሥቶ ነው የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር የተባለው የቆመው፤ ወላጅ ያጡትን ከማሳደግ አልፎ ትምህርት ቤት፣ የእናቶች ሥራ፣ ኤች አይ ቪን መከላከል ሁሉ ገባበት። መጀመሪያው ላይ ደንብም፣ ማኅተምም፣ ገንዘብ ያዥም አልነበራቸውም።

እኛ ግን ሦስቱም አለን። ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ ይኼ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ከመደበኛው መዋጮ ሌላ በወር አሥር ብር እየጨመረ ለታመመ ሕፃን ብቻ የሚውል ለብቻው የተያዘ ሣጥን ይኑር። የቀብሩ ገንዘብ አይነካም። አንድ ሽማግሌ አባታችን «እድሩ ሆስፒታል ሊሆን ነው ወይ? ቀብር ሲመጣ ባዶ እጃችንን እንቀራለን» ብለው ሠግተዋል። ሥጋታቸው ልክ ነው፤ ሣጥኑ የተለየውም በእሳቸው ምክር ነው። ብድሩ ያለ ወለድ ነው፤ መመለስ ያልቻለ እንደሆነ ጉባኤው ያየዋል። በሽታ የወር ስብሰባ ስለማይጠብቅ ቁልፉ በሦስት ሰፈር በሦስት ሰዎች እጅ ይሆናል፤ ከሦስቱም አንዷ ሴት ትሁን ብለናል፤ ሌሊት በር የምታንኳኳው እናት ናትና።

አሁን ጸሐፊያችን አንቀጹን ያነቡታል። የሚደግፍ እጁን ያውጣ፤ የማይደግፍም ምክንያቱን ይናገርና በቃለ ጉባኤው ይያዝ።